የተነፈገ ለቅሶ

ልጅዎ ሲሞት በዓይኑ ያየ ሰው ቢደውልልዎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጉበታል? አልዘጋም ይላሉ። አቶ ኤርሲዶም ስለ ሌላ ሰው ቢጠየቁ ኖሮ እንደዚያው ነበር የሚሉት።

አቶ ኤርሲዶ ከሆሳዕና መጥተው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የከተሙ የጣውላ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው ያቤፅ በንግድ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር። በልጅነቱ የአዌቱ ወንዝ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ሮጦ የሚወጣ ፈሪ፣ አድጎ የባሕር ሰው ሆነ። ወደብ በደረሰ ቁጥር ድምፁን በስልክ ይልካል። አንዴ፣ «አባዬ፣ የአጋሮን ቡና ጭነን እየሄድን ነው፤ እኛ ግን የምንጠጣው የቆርቆሮ ቡና ነው» ብሎ አስቋቸው ነበር።

መርከቡ በክረምቱ መግቢያ ሰጠመ። ያቤፅ ከጠፉት መካከል እንደሆነና ፍለጋው እንደቆመ ቅዳሜ ዕለት ተነገራቸው። ሬሳ የለም። ሚስቱ ሩት የጅሬን ልጅ ናት፤ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ። ወዲያው ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀመጠች።

እሁድ ጠዋት አቶ ኤርሲዶ ጉባኤው እንዲጸልይላቸው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ። ነቢይ ሲላስ መድረኩ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። «ያቤፅን አየዋለሁ» አለ። «ነጭ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይበላል። ማንም እንዳያለቅስለት፤ ያለቀሰ መመለሻውን ይዘጋበታል።» ጉባኤው በሃሌ ሉያ ተናወጠ።

አቶ ኤርሲዶ ቤታቸው ሲደርሱ እድርተኛው የድንኳን ብረት ያወርዳል። «መልሱት፤ እዚህ ቤት ሞት የለም» አሉ። ከዚያ ወደ ሩት ዞሩ። «በጥቁር ጨርቅ ልጄን ልትቀብሪው ነው?» ብለው በጎረቤት ፊት ልብሷን አስቀየሯት፤ ጥቁሩንም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሩት ዕቃዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ጅሬን ወጣች።

ባሏ የሞተባትን ሴት አታልቅሺ ማለት እምነት አይደለም። ጭካኔ ነው፤ መዝሙር ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ጭካኔ ነው። ከዚያ ሁሉ ምእመን ይህን የተናገረ አንድም ሰው አልተገኘም።

በመስከረም ከባሕር ማዶ አንድ ሰው ከሆስፒታል ደወለ። ሬድዋን ይባላል፤ የአጋሮ ልጅ፣ የያቤፅ የመርከብ ባልደረባ። «ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ አንዴ ይስሙኝ፤ ያቤፅ ሲሞት እኔ…»

«ይህ የጠላት ድምፅ ነው» ብለው ዘጉበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግመው ዘጉበት።

በኅዳር ያው ሬድዋን በምርኩዝ እያነከሰ ደጃቸው ላይ ቆመ። ሰውን ፊት ለፊት ማባረር ስልክ እንደ መዝጋት አልቀለላቸውም። አስገቡት።

«ውሃው ሲገባ ሁለታችንም ታች፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ነበርን» አለ ሬድዋን። «ብረት ወድቆ እግሬን ያዘኝ። ጎትቶ ያወጣኝ ያቤፅ ነው። ደረጃው ላይ ለሰዎች አስረክቦኝ ለሌላ ልጅ ተመለሰ። ወዲያው መርከቡ ተገለበጠ። በሩን እያየሁት ነበር ጋሼ፤ ማንም አልወጣበትም።»

«አሸዋ አልነበረም?» አሉ አቶ ኤርሲዶ። ቃሉ ገና ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ አፈሩበት።

«የምን አሸዋ? ከየብስ በጣም ርቀን ነበር።» ሬድዋን ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እናቴ ሀዋ ወሬውን እንደሰማች አጋሮ ላይ ሰው ጠርታ ዱዓ አስደርጋለታለች። የእናንተ ለቅሶ መቼ ነበር?»

ያቤፅን አይታው የማታውቅ ሴት አልቅሳለታለች። አቶ ኤርሲዶ ደግሞ ልጃቸው ከሞት ያወጣውን ሰው ጠላት ብለውታል። ሬድዋንን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

በማግስቱ ጥቁሩን ልብስ በፌስታል ይዘው ጅሬን ወጡ። ሩት በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግቡ አላለቻቸውም። የሬድዋንን ቃል ነገሯትና ፌስታሉን ዘረጉላት።

«አሁን ሞተ ማለት ነው አባባ?» አለች። «እርስዎ ሲፈቅዱ?»

የዘረጉትን ፌስታል ወደ ራሳቸው መለሱ።

«ሰው ነፍስ ይማር ይበለኝ ወይስ እንኳን ደስ ያለሽ ግራ ገብቶት፣ ሲያየኝ መንገድ እየቀየረ ከረመ። እዚህ ተደብቄ አልለብሰውም። ሰው እያየ ነው የወሰዱብኝ፤ ሰው እያየ ይመልሱልኝ።»

እሁድ በምስክርነት ሰዓት አቶ ኤርሲዶ ሩትንና ሬድዋንን አስከትለው ወደ መድረኩ ሄዱ። «አባታችን የምሥራች ይዘውልን መጥተዋል» አለ ሲላስ፤ ፈገግ ብሎ ማይኩን ሰጣቸው።

አቶ ኤርሲዶ ጥቁሩን ልብስ አውጥተው ሩት ትከሻ ላይ ደረቡላት። «ይህች የሟች ሚስት ናት» አሉ። «ልብሷን የገፈፍኳት እኔ ነኝ። ልጄ ያን እሁድ ባሕር ውስጥ ነበር፤ ይህ አብሮት የነበረው ሰው ነው። ድንኳኑ ዛሬ ከሰዓት ይተከላል።»

ሲላስ ማይኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። «ቢሮ ገብተን ብንነጋገርበት ይሻላል፣ አባታችን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቢሮ ውስጥ ሆነህ አላየኸውም» አሉ አቶ ኤርሲዶ፤ ማይኩንም ሰጡት። «እዚህ ቆመህ ነው ያየኸው። ዓሣ ሲበላ ያየኸው ማንን ነው? ጉባኤው እየሰማህ፣ እዚሁ መልስ።»