የአድማጭ ግብዣ አይመለስም

ጋሼ ምንያህል አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ በሚያቀርበው የአማርኛ ሬድዮ ፕሮግራም ላይ አንድ ሕግ አለው፤ የአድማጭ የዘፈን ግብዣ አይመለስም። አድማጭ ቴክስት ካደረገ፣ ለማን ይሁን ከማን፣ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። አንዴ ኦቤትስ ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ባል ላኮረፈች ሚስቱ ዘፈን ሲጋብዝ የኩርፊያው ምክንያት ሳይቀር ተነቦ፣ ሀበሻው ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ይህን ሕግ ከልጁ ከሰምሀል በላይ የሚያውቀው የለም። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ሞልቶታል።

ጣቢያው ትንሽ ቢሆንም፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የፕራይድ ሰልፍ በመጣ ቁጥር፣ ሰምሀል ሳትወለድ ጀምሮ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ ፒካፕ ይዞ ይወጣል። የአማርኛው ሰዓት ሲደርስ ግን ፒካፑ የተቀዳ ሙዚቃ ይከፍት ነበር። እንዲያ እንዲሆን የለመነው ራሱ ጋሼ ምንያህል ነው። ዘንድሮ አዲሷ የጣቢያው አለቃ፣ "አየር ላይ ያለው ሁሉ ሰልፉም ላይ ይሰማል፤ ማንንም አንለይም" አለች። እሱም አኩርፎ ስቱዲዮ ገባና በሩን ዘጋ።

ሰምሀል ፒካፑ ላይ ወጣች። ከጎን በእግሩ የሚሄደው ወንድሟ ታዴዎስ ነው። ወንድ እንደሚወድ ለአባቱ ከነገረው ወዲህ ዎርዝንግተን ሰፈር ብቻውን ይኖራል። አባትየው አላባረረውም፤ ስሙን መጥራት ብቻ ተወ። በዓል መጥቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ዘፈን ሲጋብዝ እንኳ ታዴዎስን ይዘለዋል።

ሰልፉ ሃይ ስትሪት ሲደርስ ማጉያው፣ "ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ!" ሲል ታዴዎስ አንገቱን ቀበረ።

"ሰሚ፣ ቀንሺው፣ ፕሊስ።"

"አልቀንስም። ቴክስት አድርጌለታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ቆይ፣ ትሰማዋለህ።"

"አብደሻል? አያነበውም!"

"ሕጉ ነዋ! ወይ ያነባል፣ ወይ ፕሮግራሙን ይዘጋል።"

"ቀጣዩ ግብዣ" አለ ማጉያው። "ከሰምሀል… ለ…"

ጸጥ። ባንዲራ የያዙ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ወደ ማጉያው አንጋጠጡ። ሾፌሩ የተበላሸ መስሎት ሬድዮኑን በጥፊ አለው። የሰምሀል ምላስ ደረቀ። ብልጠቷ ወንድሟን አደባባይ ላይ ሊያዋርደው ነው እንዴ?

ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

"ለታዴዎስ ምንያህል። 'ዛሬ ሰልፍ ለወጣው ወንድሜ' ይላል።" አለና ቀጠለ። "ላኪዋ አንድ ስም ረስታለች፤ እኔ ልጨምርበት። ከሰምሀል እና… ከአባቱ።"

ዘፈኑ ተለቀቀ። ታዴዎስ ተገትሮ ቀረ፤ ከኋላ የመጡት ገፉት። ፊቱን በቲሸርቱ ጠረገ።

"ላብ ነው" አለ።

"አዎ፣ ከዓይን የሚወጣ ላብ።"

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ።

"አንቺ ቀጣፊ!"

"ሕጉ ያንተ ነው፣ አባዬ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰምቷል?" አለ።

"አጠገቤ ነው። ልስጥህ?"

"አይ፣ አይ፣ ዘፈኑ ሊያልቅብኝ ነው። ሰልፉ ሲያበቃ ጣቢያው ጋ ይምጣ በይው። ግን መኪናውን ከፊት እንዳያቆም፣ ቶው አድርገው ይወስዱበታል። ከኋላ የኔ ቦታ አለ፤ የኔን አውጥቼ እጠብቀዋለሁ።"