ወሬ የማያወጣ ሐኪም

እናትዓለም የጋለ ዘይት እግሯ ላይ የፈሰሰባት ቀን አልጮኸችም። ምን ብላ ትጩህ? ፊት ለፊቷ የፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ ወጥተው ዓሣቸውን ይጠብቃሉ። ጥርሷን ነክሳ፣ "ደረቅ ያለው ማነው?" አለች፤ ለደረቁም ለለስላሳውም አቀረበች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቀሚሷን ገለጥ ስታደርግ ከጉልበቷ በላይ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ተልጦ አየች። መጀመሪያ የተናደደችው ለእግሯ አልነበረም፤ ለዘይቱ ነው። ቀበሌ ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያመጣችው ዘይት ነበር።

ቅቤ ቀባችው፣ ማር አደረገችበት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳም ተነከረች፤ ለጎረቤት ግን "ወገቤን ነው" አለች። ቁስሉ ይባስ ብሎ ሰፋ። ይኼን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ሁለተኛው ልጇ አምባቸው። ለአባ ራሷ ነገረቻቸው። አምባቸው ግን ማንም ሳይነግረው በአፍንጫው ደረሰበት።

አምባቸው ሐይቁ ዳር ጫኝና አውራጅ ነው። ከደልጊ በጀልባ የሚመጣውን ጤፍ በትከሻው ያወርዳል፣ በአፉ ደግሞ ሰው ያስቃል። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የአስተማሪውን ወንበር ሙጫ ቀብቶ፣ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሊጽፉ ከነወንበራቸው ሲነሱ ነው የተባረረው። እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ግን መራዊ አንድ የሚያውቀው ሰውዬ እንዲሁ ቁስሉን ሲደብቅ፣ ሲደብቅ እግሩን ተቆርጧል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእናቱ ጓዳ በሸተተ ቁጥር አምባቸው ቀልዱን ግማሽ ላይ ያቋርጥ ጀመር።

"እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ሂድ አንተ። ምናባክ አሞህ?"

"እኔን መቼ አልሁ? አንችን ነው እንጂ።"

"ስማ፣ ዛሬ ለሐኪም ብነግር ማታውን አገርነሽ ጠላ ቤት ይደርሳል። ነገ ደግሞ፣ 'እናትዓለም ቁስሏን እያከከች ነው ዓሣ የምትጠብስ' ይባላል። ቁምጥና ነው የሚልም አይጠፋም። ያን ጊዜ ዓሣውን ማን ይበላዋል? አንተ ሆዳም ብትሆን ብቻህን አትጨርሰው።"

"ለአባ ነግረሽ የለ?"

"አባማ የነፍስ አባቴ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ የነገርኋቸው ሁሉ ቢወጣ ኖሮ ይኼኔ ከዚህ አገር ተሰድጃለሁ። አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው ያውቃሉ? እንደሳቸው ያለ ሐኪም አምጣና ያን ጊዜ እግሬን አሳያለሁ።"

ይኼን ያለችው አፉን ለማዘጋት ነው። አምባቸው ግን ሥራ ተሰጠኝ ብሎ ያዘው።

ዘዴው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሐኪም የተለያየ የውሸት ምስጢር መንገር፣ ከዚያ አገርነሽ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ የማንኛው ምስጢር እንደሚመጣ መጠበቅ። ባሕር ዳር ያን ጊዜ እንዲህ አልሰፋችም። ጠዋት አውቶቡስ ተራ ያስነጠሰ ሰው፣ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሲደርስ "ይማርህ" ይሉታል።

መጀመሪያ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ይዞ የሚያክመው ድሬሰር ሣህሉ ዘንድ ሄደ።

"ምን ሆንህ?"

"አይ ጋሼ ሣህሉ፣ ማፈሪያ ነገር ነው።"

"ሐኪም ፊት ማፈር የለም። ተናገር።"

አምባቸው አንገቱን ደፋ። "ማታ ማታ ፍራሼን አርሳለሁ።"

ሣህሉ አልሳቀም። እንዲያውም ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ ድምጹን ዝቅ አደረገ፣ ፀሐይ ከገባች ውሃ እንዳይጠጣ መከረው። "አይዞህ፣ እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል" አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አምባቸው ደስ አለው። በቃ፣ ሐኪም ተገኘ፤ ምን ያለ ጨዋ ሰው ነው!

በማግስቱ አገርነሽ ጠላ ቤት ገብቶ አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ሲል አገርነሽ እጁን ያዘችው።

"ቆይ፣ ቆይ። አትቀመጥ።"

"ምነው?"

"ላስቲክ ላንጥፍልህ።"

አነጠፈችለትም። ጠላ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አምባቸው ላስቲኩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠላውን ጠጣ፤ ምን ያድርግ። በሆዱ ግን ሣህሉን ሰረዘው።

ቀጥሎ ያሰበው መንግሥት ያመጣውን ሩሲያዊ ሐኪም ነው። ይኼማ አማርኛ አያውቅም፣ ቢያወራስ ለማን ያወራል? ያላሰበው አስተርጓሚውን ነው። ደሞዝ ይባላል፤ ሩሲያ ተምሮ የመጣ፣ ሚስቱን ሳይቀር "ጓድ" ብሎ የሚጠራ ሰው።

"ጓድ ሐኪሙ ምን እንደሚሰማህ ይጠይቃል" አለ ደሞዝ።

"ጎህ ሲቀድ ሳላስበው እጮሃለሁ።"

"እንዴት ያለ ጩኸት?"

"እንደ አውራ ዶሮ።"

ደሞዝ ወደ ሐኪሙ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሩሲያ ብዙ ነገር አስተምራዋለች፤ አውራ ዶሮ በሩስኛ ምን እንደሚባል ግን አላስተማረችውም። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተነሳና ክንዱን በጎኑ እያርገፈገፈ፣ አንገቱን አስግጎ፣ "ኩኩሉ" አለ። ሩሲያዊው መነጽሩን አስተካከለ። ደሞዝ ያልገባው መስሎት ደገመለት፤ አሁን በእግሩም ጫረ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተነስቶ ደሞዝን ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ግንባሩን ዳሰሰው፣ ምላስህን አውጣ አለው። አምባቸው ሳቁን ለመያዝ የገዛ ጭኑን እየቆነጠጠ ነበር። ሲወጡ ክኒን ለሁለቱም ታዘዘላቸው።

እሱ ጠላ ቤት ሳይደርስ ወሬው ደርሶ፣ ቦታ ይዞ ጠበቀው።

"አምባቸው፣ ነገ ለኪዳን ቀስቅሰኝ" አለ አንዱ ገና በሩ ላይ ሲያየው።

"እኔንም፣ ፈረቃዬ ማለዳ ነው" አለ ሌላው።

"ለሱማ ጠላ አልቀዳም፣ ጥሬ ልበትንለት" አለች አገርነሽ።

ወሬው ዞሮ እናትዓለምም ጆሮ ገባ። ማታ ምጣድ ፊት ተቀምጣ፣ "ፍራሽህን ዳሰስሁት፣ ደረቅ ነው። ስትጮህም ሰምቼህ አላውቅም። ምን እየሠራህ ነው?" አለችው። ሲነግራት ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች። "አላልሁህም? በል ተወው እንግዲህ። ስምህን ጨረስኸው" አለችና ልትነሳ ስትል ፊቷ ተለወጠ። ምሰሶውን ይዛ ቆመች። እጇን ሲይዛት እንደ ፍም ይፋጃል። ከዚያ ማታ ወዲህ ማነከሱንም መደበቅ አቃታት።

በዚያው ሰሞን ከወለጋ አንዲት ወጣት ሐኪም ተመድባ መጣች። ዶክተር ሸጊቱ ትባላለች። አምባቸው ተራውን ጠብቆ ገባ። ሆዴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ ሊል ነው ያሰበው፤ የሚጨቃጨቁበትን ጉዳይ ሳይቀር አዘጋጅቷል። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ ጀርባውን አዳመጠች፣ ዓይኑን አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እንደ በሬ ጤነኛ ነህ። ውጭ ስንት በሽተኛ ተሰልፏል። እውነቱን ንገረኝ ወይ ወንበሩን ልቀቅልኝ።"

ድምጿ ቁጣ የለውም። አምባቸው ውሸቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"የእናቴ እግር ሸቷል" አለ።

ሌላም ወጣ። እንባ። ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ የሚሸከም ጎረምሳ ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ራሱም ገረመው። ዘይቱን ነገራት፣ መራዊ ያለውን ሰውዬ ነገራት፣ ሣህሉን፣ ዶሮውን፣ የደሞዝን ምላስ ነገራት። ምላሱ ጋ ሲደርስ ሐኪሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ተነቀነቀ። ዞር ስትል የቁስል ፋሻ ቆርጣ፣ "አፍንጫህን ጥረግ" ብላ ሰጠችው።

"አምጣቸው።"

"አይመጡም። ወሬ ይወጣል ብለው ይፈራሉ።"

"እንግዲያው ሂድና ጠላ ቤትህ ቁጭ በል። ካልወጣ ይዘሃቸው ና። ግን ብዙ አትቀመጥ፣ ቁስል ሰው አይጠብቅም።"

አምባቸው ደጅ ከወጣ በኋላ ነው የሠራው ሥራ የታወቀው። እስካሁን የጣለው የገዛ ስሙን ነበር፤ አሁን የእናቱን ምስጢር፣ ያውም እውነተኛውን፣ አውጥቶ ሰጥቷል። ይኼ ጠላ ቤት ከደረሰ ዓሣውም ቀረ፣ እግሩም ቀረ። እሷ ከዚህ በኋላ እንኳን ለሐኪም ለመልአክም ቀሚሷን አትገልጥም።

አገርነሽ ዘንድ ሄዶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሰው በተንሾካሾከ ቁጥር ጆሮው ይቆማል።

"እግሩ ሸቷል አሉ" አለ አንድ ሰው በሩ አጠገብ።

የአምባቸው ዋንጫ ከእጁ ወደቀ።

"የማን እግር?"

"የቀበሌው ሊቀ መንበር ነዋ። ስብሰባ ላይ ጫማውን አውልቆ መድረክ ላይ ተቀምጦ አልነበር? የፊቱ ረድፍ በሙሉ ሐሳብ ሳይሰጥ ወጣ።"

አገርነሽ ወለሉን እየወለወለች፣ "አሁን ደግሞ ከላይም ማፍሰስ ጀመርህ?" አለችው። በሕይወቱ ስድብ እንደዚያ ጣፍጦት አያውቅም። በማግስቱም ሄደ፣ በሠልስቱም ሄደ። ስለ ዶሮው ሰማ፣ ስለ ላስቲኩ ሰማ፣ ስለ ሊቀ መንበሩ እግር እስኪሰለቸው ሰማ። ስለ እናቱ ማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ወደ ቤቱ ሮጠ። "እማዬ፣ ተገኘ። ተገኘች።"

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"ሴት የነፍስ አባት የት አይተህ ታውቃለህ?"

"ቁስሉ ያለው ቀሚስሽ ውስጥ ነው። ለወንድ ልታሳዪ ነው ወይ?"

እናትዓለም ይኼን አላሰበችውም ነበር። "ለመሆኑ ምን ነግረሃት ነው ያላወጣችው?"

አምባቸው ጣራ ጣራ አየ። እናትዓለም ነጠላዋን አነሳች። ለእግሯ ብላ ይሁን ያን ለማወቅ ብላ፣ እሱን እሷ ታውቃለች።

ሐኪሟ ክፍል ሲገቡ እናትዓለም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀመጠች።

"ምን ልርዳዎት፣ እማማ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ። ይኼ ልጄ እዚህ መጥቶ ነበር?"

"እዚህ ብዙ ሰው ይመጣል።"

"ምን ብሎ ነገረሽ?"

"ያን ራሱን ይጠይቁት።"

"እናቱ ነኝ እኮ። አምጬ የወለድሁት።"

"ይኑሩልኝ። እርስዎ የሚነግሩኝንም ለእሱ አልነግረውም" አለችና ሸጊቱ ወደ አምባቸው ዞረች። "አንተ፣ ውጣ።"

"እኔ?"

እናትዓለም ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግንባሯ ተፈታ። "አልሰማህም እንዴ? ውጣ ተባልህ።"

በሩ ተዘጋ። አምባቸው ጆሮውን ለጥፎ ቆመ፤ ከእናቱ የረዥም ጊዜ ማንሾካሾክ በቀር የሚሰማ የለም። አሁንም ታንሾካሹካለች። ቁስሉ ይኼን ያህል ታሪክ አለው እንዴ? በኋላ በሩ ገርበብ አለና ሐኪሟ ብቅ አለች፤ ግራ ገብቷታል።

"ቁስላቸውን አጥቤ አሽጌላቸው፣ መርፌም ወግቻቸው ጨርሻለሁ። ግን አንገታቸውን ደፍተው አልነሳም አሉኝ። ምን እየጠበቁ ነው?"

አምባቸው ወዲያው ገባው። "ይፍታሽ እንዲሏቸው ነው።"

ሐኪሟ ትንሽ አሰበችና ተመልሳ ገባች። "ይፍታዎት፣ እማማ" ስትል ተሰማ። "አሜን" አለች እናትዓለም፣ ወንበሩም ሲጢጥ አለ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። እናትዓለም የሐኪሟን ትእዛዝ እንደ ቀኖና ያዘችው። መርፌውን አንድ ቀን አላሳለፈችም። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጭ ስለተባለች፣ ሣጥን ደፍታ፣ እግሯን በቀሚሷ ሸፍና ሣጥኑ ላይ ሰቅላ፣ እንደ ባላባት ተንፈላሳ ዓሣ ትጠብስ ጀመር። የጠየቃት ሁሉ ያው "ወገቤን" ነው የሚሰማ። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ጓዳው መሽተቱን ተወ፣ ቁስሉም ከዳር ዳር እየተሰበሰበ መጣ።

አንድ ቀን ሸጊቱ ፋሻውን ፈታ አየችና፣ "እማማ፣ ድነዋል። ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግዎትም" አለች።

የእናትዓለም ፊት ጠቆረ። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም።"

"ታዲያ ለምን ታባርሪኛለሽ? የነፍስ አባት ኃጢአትሽ አልቋል ብሎ ያሰናብታል? እኔ ገና መች ሰውነቴን ጨርሼ ነገርሁሽ። ጉልበቴ አለ፣ ዓይኔ አለ።"

ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ አሁን ወደ መስኮት አልዞረችም። "እሺ፣ ወር በገባ ቁጥር ይምጡ። የደም ግፊትዎን እለካለሁ።"

"ይኼንንም ጨምሪው" አለች እናትዓለም፣ አምባቸውን በክርኗ ወደፊት እየገፋች።

"እሱ ምኑን አሞት ነው?"

"ምኑንም ቢሆን። የአንድ ቤት ሰዎች ነን።"

ሲመለሱ እናትዓለም ከፊት፣ አምባቸው ከኋላ ነው። አላነከሰችም፤ እንዲያውም እሱ ነው ለመድረስ የሚሮጠው። አገርነሽ ጠላ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ታልፈዋለች ብሎ ነበር። ዘው ብላ ገባች፣ መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጠላ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት። አገርነሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቀረበች፤ መቅዳቱን ግን ረስታዋለች።

"እናትዬ፣ ከሐኪም ቤት ስትወጪ ታየሽ አሉ። ምን አሞሽ ነው?"

እናትዓለም ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዋንጫዋንም አቀረበችላት።

"እሱን ለሐኪሜ ነግሬያታለሁ" አለች። "አንቺ ቅጂ።"