የሐሞት ጠጠር ነው ተብሏል

3.

ብርድ ሲሆን ሲሊኮኑ ከሥጋዬ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ይህን ማንም አልነገረኝም።

(1 እና 2 የት ገቡ አትበሉኝ። 1 ጡቴ ላይ የወጣው እብጠት ነው፤ 2 ሐኪሙ ካንሰር ነው ያለኝ ቀን። ለቅሶ ስለበዛባቸው ቀድጄ ጣልኳቸው።)

4. ቤተሰብ ሲመክር

ባለቤቴ ደመላሽ፦ «ለሰው የሐሞት ጠጠር ነው እንላለን።»

እኔ፦ «ለምንትዋብስ?»

ደመላሽ፦ «ለእሷማ ጭራሽ! ሠርጓ ደርሶ ልታስደነግጫት ነው?»

ምንትዋብ ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናታችሁን ምን ገደላት ብላችሁ ዘመዶቼን ጠይቁ፤ «ብርድ መትቷት» ይሏችኋል። የጡቷን ቁስል በጨው ውኃ ሳጥብላት የነበርኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ብርድ ነው እሱ!

5.

ጡቴን ቆርጠው እዚያው ሲሊኮን የሚሉትን ሰው ሠራሽ ጡት ተኩበት። የሐኪሙ እጅ የተባረከ ነው፣ አልዋሽም። ከልብስ በላይ ማንም አይለየውም። ደመላሽ አየኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ተመስገን» አለ። «ምንም አያስታውቅም!»

እኔ ደግሞ ተመስገን ያለው ስለ ተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

ጫፍ የለውም። ስሜትም የለውም፤ ቢቆነጥጡኝ አላውቅም። የተሠራው ለእኔ ይሁን ለጎረቤት እስካሁን አልገባኝም።

6.

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ «እናትሽም በዚሁ ከሆነ የሞቱት፣ እህትሽ ሳትውል ሳታድር ትመርመር» አለ። ደመላሽ በሩን ይዞ «እሺ ዶክተር» አለ።

ከሠርጉ በኋላ፣ ተባለ።

ከሠርጉ በኋላ አረገዘች። ስትወልድ፣ ተባለ።

ወለደች። አራስ መደንገጥ የለባትም፣ ተባለ።

ከአራስ ቤት ወጣች። እያጠባች እኮ ነው፣ ተባለ።

በኋላ።

በኋላ።

7. የሐሞት ጠጠር ያለባትን ሴት ለመጠየቅ

ብርቱካን ያዢ። እንቁላል እንዳታመጪ። ወጡን ያለ ቅቤ ሥሪ። ሆዷን ሆዷን እያየሽ እዘኚላት። «ጠጠሩን አሳዩሽ?» በያት። ስትወጪ ደግሞ ደረቷን ዓይተሽ «ኧረ እንዲያውም አምሮብሻል!» ብለሽ ሳሚያት።

ምንትዋብ ይህን ሁሉ ከልቧ አደረገችው። ስልክ ሳይቀር እየደወለች «ቅባት እንዳትነኪ!» ትለኛለች። እሷ ለእኔ ሐሞት እንቅልፍ አጥታ፣ የራሷን ነገር የሚነግራት ጠፋ። እኛ ቤት መዋደድ እንዲህ ነው። ያንገበግበኛል።

8.

ቅዳሜ ልጇን አዝላ መጣች። ደመላሽ ሳሎን ኳስ ያያል። መኝታ ቤት ገብተን ልጁን አልጋዬ ላይ አስተኛችው፤ ከዘንቢሏ ሳህን አወጣች።

«እትዬ የሺ፣ ምስር ሠርቼልሽ መጣሁ። ጠብታ ቅቤ የለበትም፣ እመኚኝ።»

ስታየኝ ፊቷ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። አልቻልኩም።

«ምንቴ፣ ሐሞቴ ደህና ነው። ጠጠር ኖሮኝም አያውቅም።»

«እንዴት ማለት?»

እጇን ይዤ ከሸሚዜ ሥር አስገባሁት።

«ውይ! እትዬ፣ ምንድነው እሱ?»

«ሲሊኮን ነው። ካንሰር ይዞኝ ጡቴን ቆርጠውታል። እማዬንም የገደላት እሱ ነው እንጂ ብርድ አይደለም። ሰኞ ጠዋት አብረን ሆስፒታል ሄደን ትመረመሪያለሽ።»

የኳሱ ድምፅ ተቀነሰ።

«የሺ!» አለ ደመላሽ ከሳሎን። «ምን እያልሻት ነው?»

«እውነቱን!»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ትሰድበኛለች ብዬም ነበር። እጇን ከእኔ ላይ አነሳችና ወደ ራሷ ደረት ወሰደችው። ቀስ ብላ ትዳብስ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥላ ግራውን፣ ወደ ብብቷ።

እጇ ቆመ።

እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳ ጫን አደረገችው።

«እትዬ…»

9.

(ይህኛውን ገና አልጻፍኩትም።)