ደረቋ ጥግ

የሴራሚኩ ካርቶኖች በረንዳው ላይ ተደርድረው ግንበኛውን ይጠብቃሉ። መስኡዳ ከእንቅልፏ ስትነሳ ቀድማ የሄደችው ወደነሱ ነው። የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ሲያወርደው ስላደረ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ደረቅ ናቸው። «አልሀምዱሊላህ» አለችና የራሷ ነገር ራሷን አሳቃት። ለድንጋይ እንዲህ የምትሳሳ ሴት መሆኗን ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር።

ኩዌት በኖረችባቸው ዓመታት የሰው ሴራሚክ ስትወለውል ውላ የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር። ያኔ ለራሷ ቃል ገብታለች። አንድ ቀን በገዛ ሴራሚኳ ላይ በባዶ እግሯ ትሄዳለች፤ የምትወለውለው ያው እሷ ብትሆንም ግድ የላትም። ያ ቀን ዛሬ ነው።

ቤቱ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጣራ ሥር የተጣበቀ መንታ ቤት ነው። በአንደኛው ወገን እሷና ባሏ እንድሪስ ይኖራሉ፤ በሌላው እትዬ አሰገደች። እትዬ አሰገደች ከቤቱ ጋር አብረው የተረከቧቸው ተከራይ ናቸው፤ ለመስኡዳ ግን አንዳንዴ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላታል። ውኃ የሚመጣበትን ቀንም፣ እምቢ የሚለው በር በምን ዘዴ እንደሚዘጋም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቤቱ የተገዛ ሰሞን ዱዓ ሲደረግ ጓዳውን ሲያግዙ ውለው፣ ዱዓውን የመሩት አዛውንት «ጣራው አያፍስስ፣ ምሰሶው አይዝመም» እያሉ ሲመርቁ ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእሳቸው «አሚን» ነበር።

ክረምቱ ሲገባ መስኡዳና እንድሪስ በራሳቸው በኩል ያለውን ጣራ አስጠገኑ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላዩም። ከወዲያ በኩልም ቅሬታ ስላልመጣ ቤቱ በሙሉ የዳነ መሰላቸው፤ ተራው የወለሉ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ግን ከእትዬ አሰገደች በር ሥር ውኃ ወጥቶ ወደ ካርቶኖቹ እየመጣ ነበር። ሴትዮዋ ቁልፋቸውን ለመስኡዳ ትተው ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደዋል። በዓሉ ትናንት ስላለፈ ዛሬ ይመለሳሉ። ቧንቧው ፈንድቶ እንዳይሆን ብላ በሩን ከፈተች።

አልጋው ከግድግዳው ርቆ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሟል፤ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ተወጥሯል። ሳፋው፣ ድስቱ፣ የቡና ጣሳው ሳይቀር ወለሉ ላይ ተደርድረው ሁሉም ሞልተዋል። ዝናቡ ቢያባራም ጣራው ገና አልጨረሰም። ደረቅ የነበረችው አንዲት ጥግ ብቻ ናት። እዚያች ጥግ፣ በርጩማ ላይ፣ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው የመስኡዳ ምንጣፍ ነበር። ወለሉ እስኪያልቅ አቧራ እንዳይነካው ብላ አደራ የሰጠቻቸው፣ ከኩዌት ያመጣችው ምንጣፍ።

መስኡዳ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ግንበኛው ምንይችል ደርሶ ኖሮ ከኋላዋ አንጋጦ አየ። «እናንተ ጋ ይወርድ የነበረው ውኃ ነው እኮ» አለ። «መንገዱን ዘጋችሁበት፤ ወደዚህ ዞረ።»

እንድሪስ ባጃጁን ሊያስነሳ ሲል ተጠርቶ መጣ። አየና እንደ ደህና አባወራ አሰላ። «ዝናቡ እንደሁ አለቀ። ሴራሚኩን እንጨርስና ጣራውን ለከርሞ።»

«በልጉስ?»

«በልግ ሩቅ ነው አቦ።»

ክፉ አልተናገረም። ሁለቱን ለመሥራት አቅም የላቸውም፤ መስኡዳም ለአፍታ ያሰበችው ይህንኑ ነው። በሩን መልሳ ብትቆልፈው ማን ያውቃል? እትዬ አሰገደች እንደሆኑ ምንም አይሏትም። አንጀቷን የበላው ግን ይኸው ምንም አለማለታቸው ነው። በልግ ሲመጣም ሳፋቸውን ደርድረው ዝም ይሏታል፤ እሷ ከግድግዳው ወዲህ በሴራሚኳ ላይ ስትንጎራደድ።

«ሴራሚኩን ጫን» አለችው።

«የት?»

«የገዛንበት ኑርዬ ሱቅ መልሰውና በቆርቆሮ ይለውጥልን። ካርቶኑ አልተከፈተም።»

እንድሪስ ትክ ብሎ አያት። የምታለቅስ መሆኗን ሲያይ መከራከሩን ተወው። «ሚስት ያገባሁ መስሎኝ ተቋራጭ ነው ያገባሁት» እያለ የመጀመሪያውን ካርቶን አነሳ። ባጃጁ ብዙ ተመላለሰ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰገደች አቧራ ለብሰው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከተፍ አሉ። በራቸው ተበርግዷል። ክፍሉ ባዶ ነው፤ አልጋም ሳጥንም የለም። ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ።

«መስኡዳዬ... ቤቱን ፈለጋችሁት እንዴ? ምነው ብትነግሪኝ፣ አልከፋም ነበር እኮ።»

«ኧረ ወላሂ!» እጃቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳሎን አስገባቻቸው። አልጋቸው ተነጥፏል፤ ሥሩ ያ ምንጣፍ ተዘርግቷል። «ጣራው እስኪያልቅ እኛ ጋ ነዎት። ለምንድነው ያልነገሩኝ?»

ሴትዮዋ ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ ጫማቸውን አወለቁ።

«‹አያፍስስ› ተብሎ ሲመረቅ አሚን ያልኩ ሰው ነኝ። ዝናብ ሲገባ ‹አፈሰሰ› ብዬ ልምጣ? የሽማግሌውን ዱዓ ላሳፍር? ባዲስ ቤታችሁ ላሟርት?»

መስኡዳ ዱላቸውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችላቸው።

«ይልቅ ግሸን ላይ ስምሽን ጠርቼልሻለሁ» አሉ እትዬ አሰገደች ፈካ ብለው። «ሴራሚክሽ ሳይሰነጠቅ እንዲነጠፍልሽ ተስያለሁ።» ከዚያ በሻካራው ሲሚንቶ ላይ ዓይናቸው አረፈ። «የት አደረጋችሁት?»

መስኡዳ በአገጯ ወደ ላይ ጠቆመች። የምንይችል መዶሻ ሲንኳኳ ይሰማል። እትዬ አሰገደች ሲገባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መዶሻው ቆመ። «ውኃ አቀብሉንና እንሞክረው!» አለ ምንይችል ከጣራው ላይ። እንድሪስ ጀሪካኑን ተሸክሞ መሰላሉን ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ባዶው ክፍል ውስጥ ገብተው አንጋጠጡ። እትዬ አሰገደች ክረምቱን ሙሉ እንደለመዱት፣ ሳፋው በነበረበት በኩል መዳፋቸውን ዘረጉ። ውኃው አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ወረደ፤ ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሳቸው ላይ እየሮጠ አለፈ።

መስኡዳም እጇን ከእሳቸው እጅ አጠገብ ዘርግታ ጠበቀች።