ያልተቆረጠው ትርፍ

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷን የተቀየመችው ስለበደለቻት ብቻ አልነበረም። በደሉንስ ትችለው ነበር። በወጣትነታቸው አንድ ልብስ ስፌት ቤት አብረው ሲሠሩ ታላቅየዋ የሙሽራ ቀሚስ በካውያ አቃጠለችና «እሷ ናት» ብላ ታናሽየዋን ከሥራ አስባረረቻት። ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ፊት ቆማ ኃጢአቷን እያለቀሰች ተናገረች። ምእመኑም አብሯት አለቀሰ፤ እግዜር ይቅር ብሎሻል ተባለች። የተበደለችውን ግን አንድም ሰው አልጠየቃት።

«የኔን ይቅርታ ማን ሰጠልኝ?» እንዳለች ጸጉሯ ሸበተ።

ዛሬ ታላቅየዋ ቀሚስ ይዛ ታናሽየዋ ሱቅ መጣች። በሽታ ጨርሷት ልብሱ እንደ ድንኳን ሰፍቷታል።

«አጥብቢልኝ፣ እህት ዓለም።»

«ሌላ ሰፊ ጠፋ? ወይስ የኔን ካውያ ፈልገሽ ነው?»

«የመጣሁትስ ይቅር እንድትዪኝ ነው። ያኔ አንቺን መጠየቅ አፈርኩ። እግዜርን መጠየቅ ይቀል ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አነሳች። ወገቧን ስትለካ አጥንቷ እጇን ወጋት። ቁጭ ብላ ሰፋችው። ቀሚስ ሲጠብ ወደ ውስጥ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ ይቆረጣል፤ እሷም ልትቆርጠው መቀሱን አነሳች። ትንሽ አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቅር አላልኩሽም፤ ገና አልወጣልኝም» አለች ቀሚሱን ስትሰጣት። «ትርፉን ግን አልቆረጥኩትም። ድነሽ ስትወፍሪ አምጪው እትዬ፣ አሰፋልሻለሁ።»