ኤዶ ሃሊሞ ያልተቀበለችው ቃል

አላህ ዕድሜዋን ያርዝምልኝና፣ ኤዶ ሃሊሞ ባትኖር ዛሬ ባጃጅ አልነዳም ነበር። ኤዶ የምላት በሶማሊ ወግ ነው፣ እንደ አክስት። ዝምድና የለንም፤ የተዋወቅነው ስገጫት ነው።

መጋላ ገበያ ውስጥ ስልክ እያወራሁ በባጃጄ ስታጠፍ፣ የምትሸጠውን ወተት ይዛ መንገድ ስታቋርጥ አላየኋትም። እግሯ ተሰበረ። አቅፌ ሐኪም ቤት አደረስኳት፤ ከዚያም እንደ ወጋችን በየቀኑ እየሄድኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በአርባኛው ቀን ሽማግሌዎች ለእርቅ ግቢዋ ጠሩን። እሷ ካልፈረመች ፖሊስ የያዘው መንጃ ፈቃዴ አይመለስም፤ እኔና እናቴ የምንበላው ደግሞ ከባጃጁ ነው።

ውሉን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ላከብራት ብዬ ከበድ ያለ ቃል መረጥኩ፦ «የአደጋው ሰለባ፣ ወይዘሮ ሃሊሞ።» ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

«ሰለባ ምንድነው?» አለች።

አማርኛ ሲያስተምር ያረጀው መምህር ዐብዲሐኪም ከሽማግሌዎቹ መሀል መለሰላት። «ሰለበ ማለት ገፈፈ ነው። ድሮ ገዳይ ከወደቀው ሰው ገፍፎ ለፉከራ ይዞት የሚመለሰው ነበር ሰለባ። ኋላ ስሙ ወደ ተገፈፈው ዞረ፤ ዛሬ ጉዳት ለደረሰበት ሁሉ ይባላል።»

ኤዶ ሃሊሞ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አቦ፣ እኔን ማን ገፈፈኝ? ዮኒስ ገጨኝ፤ ግን አቅፎኝ ሮጠ። በዚህ ስም አልፈርምም።»

«በሶማሊኛ ምን ትሉታላችሁ?» አላት መምህሩ።

«ዲባኔ። ዲብ ያገኘው ሰው።»

«ዲብ ጉዳት ነው። እንግዲያው ተጎጂ ነዋ።»

«እሱን ጻፍ። የተጎዳ ይድናል።»

ሰርዤ ጻፍኩ።

«ተጎጂ ተብሎ ስንት ስም አለ እዚያ?» አለች።

«አንድ። ያንቺ።»

«ያንተንም ጨምር።»

መምህሩ ሳቀ። «ሃሊሞ፣ እሱ እኮ ገጪው ነው።»

«አውቃለሁ። አርባ ቀን ሳየው ከረምኩ። እህል አይቀምስ፣ እንቅልፍ የለው፣ ሰውነቱ አለቀ። እኔ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ፤ እሱ ገና አልዳነም። ስሙ ካልተጻፈ አልፈርምም።»

በሕግ እንዲህ ያለ ውል ይኑር አይኑር አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ማንም አልከለከለኝም። ስሜን ከስሟ ሥር ጻፍኩ፣ እሷም ፈረመች። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ አልደበቅኩትም።