ጎተራ የገባ ውሃ

ድሬሰር ነገሪ የታመመችውን ልጅ የቡዜን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና ከተንበረከከበት ተነሣ።

«ውሃ ስጧት» አለ። «በትንሽ በትንሹ፣ ሳታቋርጡ። ተቅማጡ ቢያደርቃት ነው እንዲህ የፈዘዘችው።»

«የትኛውን ውሃ?» አለች እናቷ ገዲሴ።

«የጉድጓዳችሁን ነዋ! የመካኒሳ ጉድጓዶች ተመርምረው ደህና ናቸው ተብሏል። መርማሪዋስ ይኸው ግቢሽ ውስጥ ተከራይታ የለችም? ወይዘሪት ውዳሴ፣ ዋሸሁ እንዴ?»

ውዳሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«አልዋሹም» አለች።

እውነቷን ነበር። ለሕክምና ጣቢያው የተላከውን ወረቀት በታይፕ የመታችው እሷ ናት። «የአካባቢው ጉድጓዶች ውሃ በአማካይ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ድሬሰሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ግን «በአማካይ» የሚለው ቃል እንደ ገብስ ጢም ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ገዲሴ ከእንስራው በጣሳ ቀድታ የልጅቷን ራስ ቀና አደረገች። ቡዜ ደህና በነበረች ጊዜ ውዳሴን «የጠርሙስ ሙሽራ» እያለች እስከ አጥሩ ጥግ የምትከተላት ልጅ ናት። አሁን ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

«አዴ ገዲሴ፣ ቢፈላስ?» አለች ውዳሴ።

«ምኑ?»

«ውሃው።»

ገዲሴ ዞር ብላ አየቻት። «አሁን ደህና ነው አላልሽም?»

«ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«የተማረ ሰው ነገር! ደህናውንም ታፈላላችሁ። ማገዶውን ማን ይሰጠናል?»

ውዳሴ ከራሷ ማገዶ ወስዳ አፈላች፤ አቀዝቅዛም አመጣችላት። ቡዜ ቀመሰችና ፊቷን አዞረች። «ጭስ ጭስ ይላል» አለች። ገዲሴ ልጇን ከልክላ አታውቅም፤ መልሳ ከእንስራው ቀዳችላት።

ውዳሴ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጨቀየው ብልቃጥ ትዝ ያላት ያኔ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የውሃ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ስትቀጠር ኃላፊው አቶ ከበበው መጀመሪያ ያሳዩአት ማይክሮስኮፑን አልነበረም። ትልቁን የእንጨት ቁም ሣጥን ከፈቱና «ይህ ጎተራችን ነው» አሏት። አቶ ከበበው የተጉለት ገበሬ ልጅ ናቸው። በእሳቸው ቋንቋ ከየጉድጓዱ ውሃ መሰብሰብ ማጨድ ነው፤ የየጉድጓዱን ውጤት ደምሮ ማካፈል መውቃት ነው፤ የወጣው አንድ ቁጥር ምርት ነው። ምርቱ ጎተራ ይገባል፤ ጎተራው ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ከእሳቸው ኪስ አይወጣም። ሰው ውጤት ሲጠይቅ «ይሰፈርልሃል» ይላሉ። የየጉድጓዱ ውጤት የተጻፈባቸው ካርዶች ደግሞ ገለባ ናቸው።

ውዳሴ ይህን አነጋገር ወደደችው። ዓይነ አፋርነቷ ሰውን ጥያቄ አያስጠይቃትም፤ በአቶ ከበበው ቋንቋ ደግሞ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ከታጨደ በኋላ ምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አምስቱ ጉድጓዶች ተመርምረው አማካዩ ከወጣ በኋላ ካርዶቹን ጠርሙስ በሚቀቀልበት ምድጃ ስትከት ምንም አልተሰማትም። ለገለባ የሚያዝን ማን አለ?

አሁን ታስታውሳለች። ውሃው ከሥጋ መረቅ ጋር ተቀላቅሎ ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ሲያድር፣ የሰው ዓይነ ምድር የነካው ከሆነ መረቁ ይጨቀይና አረፋ ይቋጥራል። የአራቱ ጉድጓዶች ብልቃጦች ጠርተው ነበር ያደሩት። የአንዱ በሙሉ ጨቅይቷል። አራቱ ንጹሖች አንዱን ተሸከሙትና አማካዩ ደህና ሆነ። የማን ጉድጓድ ነበር? ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም። ስሙ የነበረው ገለባው ላይ ነው።

ከግድግዳው ማዶ ቡዜ አቃሰተች። ጣሳው ከእንስራው አፍ ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

በማግስቱ ቢሮ ስትደርስ ድሬሰር ነገሪ ቀድሟት አቶ ከበበው ፊት ቆሟል። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ትናንት አንድ የሰፈሩን ሕፃን ላፍቶ ቀበርን» አለ። «የየጉድጓዱን ውጤት ስጡኝ።»

«ተሰፍሮ ተሰጥቶሃል» አሉ አቶ ከበበው።

«የሰፈሩልኝ ድብልቅ ነው፣ ጌታዬ። እኔ የጠየቅሁት የትኛው ማሳ አረም እንዳለበት ነው።»

«የአራቱ ወቅት ምርት ሳይገባ አይበተንም። ባለፈው እሸቱን ሰጥተን ሌላው በስሙ አሳትሞ በልቶታል።»

«ሕፃናቱ እሸት አልበሉም! ውሃ ነው የጠጡት።» ነገሪ ወደ ውዳሴ ዞረ። «እናንተ ዝም ስትሉ ሰዉ የራሱን ምርመራ ጀምሯል፤ ያውቃሉ? አማከለች ብቻዋን የምትኖር ሴት ስለሆነች ቡዳ ናት፣ ውሃዋ ነው የጨረሰን ብለው ጉድጓዷን ትተውታል። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ከገዲሴ ነው የሚቀዳው።»

ይህን ብሎ ወጣ። የበሩ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ውዳሴ ካርዶቹ ወደተቃጠሉበት ምድጃ ዞረች። ሰፈሩ የሸሸው ከንጹሑ ጉድጓድ ከሆነስ? የሄደው ወደ ጨቀየው ከሆነስ? አቶ ከበበው ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል፤ ግን ገጹን አይገልጡም። እሷ ደግሞ ከሥራ ጉዳይ ውጭ አናግራቸው አታውቅም።

«አቶ ከበበው» አለች።

«እ?»

«አባትዎ ዘሩንም ጎተራ ነበር የሚከቱት?»

ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ። «ምን አልሽ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራውን። እሱም ከሚበላው ጋር ጎተራ ይገባ ነበር?»

«ዘር ጎተራ ይገባል እንዴ!» ሳቅ አሉ። «እናንት የከተማ ልጆች! ዘር በቅል ነው። እናቴ ከምድጃው በላይ ታንጠለጥለው ነበር፤ ጭሱ ከነቀዝ እንዲጠብቀው። የጎድጓዳው ማሳ በአንድ ቅል፣ የአቀበቱ በሌላ ቅል።»

«ለምን ለየብቻ?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? አንዱን ማሳ ዋግ መትቶት እንደሆነ ...»

አልጨረሱትም። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ ቁልፉ ላይ ቆመ። ውዳሴ መሬት መሬት አየች። ደፍራ የጀመረችውን በቀስታ ጨረሰች።

«ካርዶቹ ገለባ አልነበሩም መሰለኝ» አለች።

አቶ ከበበው ቁም ሣጥኑን አዩ፤ ከዚያ ምድጃውን አዩ።

«ጎተራውንም አትናቂው» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ ልመና። «እህል ሲደባለቅ የማንም ማሳ አያፍርም። አማከለችን በወሬ ብቻ ምን እንዳደረጓት ሰማሽ። ነገ በወረቀት የአንድ ሰው ስም ብታወጪ ያን ሰው ምን ያደርጉታል?»

ውዳሴ ፈራች፤ ምክንያቱም የተናገሩት እውነት ነው።

«ዘር የለመነ ጎረቤት ግን ባዶውን አይመለስም ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር። «የኛ በከሸፈ ዓመት ከነሱ ይገኛልና። ጠርሙስ ቀቅዪ። በየጠርሙሱ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፊ። እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም አፍልቶ ይጠጣ ብለሽ ንገሪ፤ እኔ አዝዤአለሁ በይ።»

ውዳሴ ጠርሙሶቿን በቅርጫት ይዛ ከአማከለች ጀመረች። አማከለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። የጉድጓዷ ገመድ ደርቆ ተጠቅልሏል።

«መጣሽ?» አለች ቀና ሳትል። «የቡዳዋን ውሃ ስትቀጂ እንዳትበዪ ጨርቅ ልስጥሽ፣ ትሸፋፈኛለሽ?»

«ለምርመራ ነው፣ እትዬ አማከለች።»

«በፊትም መርምረሽ ነበር። ምን አለ ጠርሙስሽ?»

ውዳሴ ከቅርጫቱ ባዶ ጠርሙስ አወጣች። አማከለች እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሥታ ገመዱን ራሷ ፈታችላት። «ነይ ቅጂ እንጂ። አንቺ እንኳን ደጄን ረግጠሻል።»

የገዲሴ ጉድጓድ ጋ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ያወራሉ፤ ገዲሴ ደግሞ ለሁሉም ገመድ ትስባለች። ማንንም አትከለክልም፤ አንዲት ሴት ልትመርቃት ስትጀምር «ተዪኝ፣ ውሃ የእግዜር ነው» ትላለች። ውዳሴ አፍልታችሁ ጠጡ ስትላቸው ተሳሳቁ። «የተማሩት ውሃም ይቀቅላሉ!» አለች አንዷ። ገዲሴ ብቻ አልሳቀችም። የውዳሴን ጠርሙስ ተቀብላ ሞላችላትና ፊቷን አተኩራ አየቻት።

«ምን ፈራሽ?»

«ምንም።»

«ቡዜ እኮ ዛሬ ዓይኗን ገልጣለች።»

ውዳሴ ጠርሙሱ ላይ «ገዲሴ» ብላ ጻፈች።

ብልቃጦቹ ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ እስኪያድሩ መጠበቅ ግድ ነው። ወደ ቤት ተመልሳ ቡዜ አጠገብ ተቀመጠች፤ ያፈላችውን ውሃ ስኳር ጨምራ በማንኪያ ሰጠቻት። ስኳሩ ጭሱን ሳይሸፍነው አልቀረም፤ ልጅቷ ዋጠች። ውዳሴ ግን ወጣ ባለች ቁጥር ጣሳው ከእንስራው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ትሰማለች፤ ተመልሳ «ተዉ» ልትል ትፈልጋለች፤ በእጇ ግን ምንም ማስረጃ የለም። ደግሞም የፈራችው መልሱ እንዳይመጣ ይሁን እንዲመጣ ለራሷም አልለይልሽ አላት።

በማግስቱ ሣጥኑን ከፈተች። የአማከለች ብልቃጦች እንደ ምንጭ ጠርተዋል። ሌሎቹም ጠርተዋል። የመጨረሻው ረድፍ ጨቅይቷል፤ በየብልቃጡ አናት አረፋ ቋጥሯል። ስሙን ደግማ አነበበች። የራሷ ጽሕፈት ነው።

«የማን ነው?» አሉ አቶ ከበበው ከኋላዋ።

«የገዲሴ።»

«የአከራይሽ?»

ራሷን ነቀነቀች።

ባርኔጣቸውን አነሡ። «እኔ ሄጄ ልንገራቸው። አንቺ እዚያው ነው የምትኖሪው።»

ውዳሴ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ጠርሙሱን አየች። «ስሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ ለድሬሰር ነገሪ ይላኩለት። የሁሉንም፣ ለየብቻ።»

አቶ ከበበው ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ግቢው ስትደርስ ወረፋው እንደ ትናንቱ ነው። ገዲሴን ለብቻዋ ጠርታ በሹክሹክታ ልትነግራት አስባ ነበር፤ ግን ባልዲው እየወጣ ነው፤ ሴቲቱ እንስራዋን ዘርግታለች።

«አይቅዱ» አለች ውዳሴ። ድምፅዋ እንደዚያ ጮክ ብሎ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም።

ሁሉም ዞረ።

«ምነው ልጄ?» አለች ገዲሴ። «ተናገሪ እንጂ።»

«ሕመሙ ከዚህ ጉድጓድ ነው። ሌሎቹ ደህና ናቸው። የአማከለችም ደህና ነው። የታመመው ይህ ነው። በፊትም ነበር፤ እኛ ውጤቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለን አጠፋነው።»

ገዲሴ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። ባልዲውን አየች። ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየች፤ ቡዜ ወደተኛችበት፣ ጣሳው ወዳለበት። ከሴቶቹ አንዷ እንስራዋን ወደ ራሷ ሳበች፤ ሌላዋ «የኔ ልጅ ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ውዳሴ አቶ ከበበው ያሉትን አሰበች። ስም ከአፏ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምን እንደሚያበቅል እሷ አታዝበትም።

ገዲሴ ባልዲውን ዘቅዝቃ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰችው። ወደ አጥሩ ሄደች፤ የቀጋ እሾህ ነቅላ ጎተተችና የጉድጓዱ አፍ ላይ ጣለችው። ሌላም ጨመረች። እጇ ደምቷል። ማንም አላገዛትም፤ ማንም አልሄደም።

ከዚያ ቤት ገብታ ባዶ እንስራ ይዛ ወጣች። በሴቶቹ መሃል አልፋ ወደ አማከለች ደጅ አቀናች። አማከለች ከበሯ ሁሉን ሰምታለች፤ ቆማ ትጠብቃለች። ገዲሴ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የቡዳዋን ውሃ?» አለች አማከለች።

ገዲሴ አንገቷን ደፋች። «ልጄ ተጠምታለች።»

አማከለች ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ አለች። «እንስራሽን አምጪ» አለች።

ውዳሴ ገዲሴ ቤት ገብታ እሳት አነደደች። በጣሳው የቀረውን ውሃ ከደጅ አውጥታ ደፋችና ጣሳውን አጠበች። ቡዜ ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

«ውሃ» አለች።

«እየመጣ ነው።»

እንጨቱ እርጥብ ነበር። ውዳሴ ተንበርክካ እፍ አለች፤ ዓይኗ አለቀሰ፤ ከደጅ የገዲሴን እግር ኮቴ እያዳመጠች እንደገና እፍ አለች።